«ቀሪው ዝርዝር ነው»፦ የአትላንቲክን ውጊያ ማን አሸነፈው?

ባሕረኛው፦
ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ እንግዳ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአትላንቲክ ውጊያ ሲያወራ ሰምቼ እስካሁን አልበረደልኝም። «የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች ያሸነፉት ብሌችሊ ፓርክ ቁጭ ብለው የኤኒግማን ኮድ የፈቱት ናቸው፤ ቀሪው ዝርዝር ነው» አለ። ብሌችሊ ፓርክ የእንግሊዝ ኮድ ፈቺዎች ይሠሩበት የነበረ ቦታ ነው፤ ኤኒግማ ደግሞ የጀርመኖች የሚስጥር መልእክት ማሽን። በዚያ ጦርነት ወደ 30,000 የሚጠጉ የብሪታንያ የንግድ መርከብ ሠራተኞች ሞተዋል። ሰው እንዴት ዝርዝር ይባላል?

ቁጥር ወዳድ፦
የሞቱትን አልናቀም እኮ። ያወራው ስለ ምክንያት ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ኮዱ ሲነበብ ኮንቮዮቹ፣ ማለትም በአጃቢ አብረው የሚጓዙት መርከቦች፣ ሰርጓጆቹ ካደፈጡበት እየተጠመዘዙ አለፉ። ፌብሩዋሪ 1942 ጀርመኖች ማሽኑ ላይ ፊደል የሚያቀያይር አራተኛ ጎማ ጨመሩ። አሥር ወር ኮዱ ሳይነበብ ጨለማ ሆነ። በዚያ ዓመት ሰርጓጆች ከ1,000 በላይ መርከብ አሰጠሙ። ሒሳቡ ግልጽ ነው።

ባሕረኛው፦
ግልጽ አይደለም። በ1942 መጀመሪያ እልቂቱ የነበረው አሜሪካ ዳርቻ ነው። መርከቦቹ ያለ አጃቢ፣ ለየብቻ ይሄዱ ነበር። የከተሞቹ መብራት ከኋላቸው ስለሚበራ በሌሊት ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ኮንቮይ ሲጀመር ጉዳቱ ቀነሰ፤ ኮዱ ግን ገና አልተፈታም።

የጣና ልጅ፦
«ቁጭ ብለው» የምትለዋን ቃል ማንም አላነሳትም። ኦክቶበር 30፣ 1942። ሜዲትራንያን ላይ፣ ሌሊት። ፔታርድ የምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብና ጓደኞቿ ዩ-559ን ቀጥቅጠው ወደ ላይ አወጧት። ውሃ እየሞላት ነው። ሌተናንት ፋሰንና ግሬዚየር የሚባል መርከበኛ በዚያ ጨለማ ሆዷ ውስጥ ገቡ። ኮድ የተጻፈባቸውን ደብተሮች ከታች ያቀብላሉ። ቶሚ ብራውን የሚባል የ16 ዓመት የካንቲን ልጅ መሰላሉ ላይ ሆኖ ይቀበላል። «ውጡ!» እያለ ሲጮህ ሰርጓጇ በአንዴ ሰመጠች። ሁለቱ አብረው ቀሩ። ብሌችሊ ዲሴምበር ላይ መልሶ ማንበብ የቻለው በእነዚያ ደብተሮች ነው።

ቁጥር ወዳድ፦
እህቴ፣ ይሄ እኔን ነው የሚደግፈው። ደብተሩ ሰው የሚሞትለት ነገር ነበር ማለት ነው።

የጣና ልጅ፦
አይደግፍህም ወንድሜ። ደብተሩን ያመጡት መርከበኞች ናቸው። አንተና እንግዳው «ዝርዝር» የምትሏቸው።

የካርዲፉ፦
እዚህ ካርዲፍ ነው የምኖረው። የሶማሌና የየመን ሰዎች ከዚህ ወደብ እየተነሱ በብሪታንያ የንግድ መርከቦች ከሰል ያነዱ ነበር። ቶርፔዶ ሲመታ መውጫ የማይገኘው ሞተር ክፍል ነው። ሶማሌዎቹ ከእኛው የአፍሪካ ቀንድ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ስለ እነሱ ስንት ጊዜ ሰማችሁ?

ገለልተኛ፦
ጀርመኖቹስ? ሰርጓጅ ላይ ከዘመቱት ወደ 40,000 ሰዎች ከ28,000 በላይ ሞተዋል። እነሱም የእናት ልጅ ናቸው።

የካርዲፉ፦
የእናት ልጅነታቸውን አልካድኩም። ግን ጦርነቱ በታወጀበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 3፣ 1939፣ አቴኒያን ያሰመጡት እነሱ ናቸው። የመንገደኛ መርከብ ነበረች። ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ የሰርጓጃቸውን የጉዞ መዝገብ ገጽ ቀየሩት። አንዱን ከሌላው አታቀላቅል።

ባሕረኛው፦
ወደ ነገራችን እንመለስ። ጀርመኖችም የእንግሊዝን የኮንቮይ ኮድ ያነቡ ነበር። ኮድ ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን እነሱም ባሸነፉ ነበር። ማርች 1943 ኤችኤክስ 229 እና ኤስሲ 122 የተባሉት ኮንቮዮች ላይ ከ20 በላይ መርከብ ጠፋ። ሜይ ላይ ግን 41 ሰርጓጅ አለቀ። ምን ተለወጠ? ሊበሬተር አውሮፕላኖች መሐል አትላንቲክ ደረሱ። ሰርጓጆቹ መስማት የማይችሉት አጭር ሞገድ ራዳር መጣ። አጃቢ መርከቦቹ በዙ፣ ሠለጠኑ። ኤስሲ 130 የተባለችው ኮንቮይ አንድ መርከብ ሳታጣ ስትገባ የሰርጓጆቹ አዛዥ የአድሚራል ዶኒትዝ ልጅ ፒተር ያለበት ዩ-954 እዚያው ሰመጠ። ሜይ 24 አባትየው ሰርጓጆቹን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣ።

ቁጥር ወዳድ፦
እሺ፣ «ዝርዝር» የሚለው ቃል ክፉ ነው። እሱን ትቼዋለሁ። ግን ኮዱ ባይፈታ እነዚያ ሊበሬተሮች ሰርጓጆቹን የት ብለው ይፈልጓቸው ነበር? አትላንቲክ እኮ ነው!

ባሕረኛው፦
ኮንቮዩ ላይ። ሰርጓጆቹ ራሳቸው የሚመጡት እዚያ ነው።