ስፖንጅ ኬክ መሃሉ እየሰመጠ አስቸግሮኛል፤ የምታውቁ ብትረዱኝ

የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን በትርፍ ጊዜዬ በኤሌክትሪክ ኦቨን ዳቦና ኬክ እጋግራለሁ። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ስጋግር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም፤ ችግሬ ስፖንጅ ኬክ ላይ ነው። ሊጡ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከመጠን በላይ ይነፋና ገና ሳይበስል መሃሉ ይሰምጣል፤ ሲቆረጥም ጠርዙ ደረቅ፣ መሃሉ ደግሞ እርጥብና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ይገኛል።

የምከተላቸው አሠራሮች ለዝቅተኛ ቦታዎች የተዘጋጁ ናቸው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ በዚህም የተነሳ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚፈጥረው ጋዝ አብዝቶ ይለጠጣል፣ ውሃውም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ፈሳሹ ቶሎ ይተናል። ይህን በማሰብ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሼ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ጨምሬ፣ ሙቀቱንም ከ175 ወደ 185 ዲግሪ ከፍ አድርጌ ሞክሬያለሁ። ጠርዙ ተሻሽሏል፤ መስመጡ ግን አልቀረም። ስኳሩን እስካሁን አልነካሁትም፤ ቤተሰቡ ጣፋጭ ስለሚወድ እጄ አልታዘዘኝም።

በዚህ ከፍታ የምትጋግሩ ሰዎች ለ250 ግራም የፉርኖ ዱቄት ስንት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ትጠቀማላችሁ? ስኳሩን መቀነስ ግድ ነው ወይስ አንድ እንቁላል መጨመር ሊጡን ያጸናዋል? እንቁላሉንስ አረፋው ጠጥሮ እስኪቆም መምታት ይገባል ወይስ ለስላሳ ሳለ ማቆም ይሻላል? በተለይ ደብረ ብርሃንን በመሰለ ከዚህም ከፍ ባለ ከተማ የሚጋግር ሰው ካለ፣ መጠኑን በግራም ቢጽፍልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።