ጓደኛዬ ኢንዶኔዥያ ባሕር ዳር መሬት አብረን እንግዛ ትለኛለች፤ የሚያውቅ አለ?

የሻርጃዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ሻርጃ ነው። አንድ ቤት አብረን የሠራን ኢንዶኔዥያዊት ጓደኛ አለችኝ፤ ውሏን ጨርሳ አገሯ ገብታለች። መንደሯ ባቱ ካራስ ይባላል፤ ምዕራብ ጃቫ፣ ፓንጋንዳራን አውራጃ ውስጥ ነው። ዓሣ አጥማጆች፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ሰርፍ (በጣውላ ማዕበል ላይ መንሸራተት) የሚጫወቱ ፈረንጆች። ቪዲዮ በላከችልኝ ቁጥር ልቤ ይሸፍታል።

አሁን ጎረቤታቸው 50 ባታ መሬት ሊሸጥ ነው። አንዱ ባታ 14 ካሬ ነው፤ በጠቅላላው 700 ካሬ መሆኑ ነው። ካርታ የለውም፤ የግብር ደረሰኝና የመንደሩ መዝገብ ግን አለው። በእሷ ስም ገዝተን አራት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ እንሥራ፣ ትርፉን እኩል እንካፈል ትላለች። ልጅቷን አምናታለሁ። ታምሜ ስተኛ ያስታመመችኝ እሷ ናት። ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? ለጉብኝትስ እንዴት ነው?

ቦሌ ሚካኤል፦
ግዢ እንጂ! መሬት መቼ ወርዶ ያውቃል? የኢንዶኔዥያዋን ደሴት ባሊን አላየሽም? ሰው ሁሉ በአገሬው ስም እየገዛ ነው። በኋላ እንዳይቆጭሽ።

ዘሪቱ፦
ሐዋሳ ምን ጎደለው ግን?

የሻርጃዋ፦
ሐዋሳማ ሐይቅ ነው እህቴ። እኔ ባሕር ነው ያልኩት።

የባንዱንጉ፦
ባለቤቴ የባንዱንግ ከተማ ልጅ ናት፤ የምንኖረውም እዚያው ነው። የአማቶቼ ቤተሰብ የረመዳን ጾም ሲፈታ ተሰብስቦ የሚሄደው ባቱ ካራስ ስለሆነ መንደሩን ከነጉዱ አውቀዋለሁ።

ቦሌ ሚካኤል ወንድሜ፣ ዋጋውን ለጊዜው ተወው። መሬቱ የማን ነው የሚሆነው? እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የኢንዶኔዥያ የመሬት ሕግ ሙሉ ባለቤትነትን ለዜጋ ብቻ ነው የሚሰጠው። በዜጋ ስም አስመዝግቦ በጎን «የእኔ ነው» የሚል ውል መፈራረም ባሊ ውስጥ ሞልቷል፣ ልክ ነህ። ሕጉ ግን እንዲህ ያለው ሽያጭ ዋጋ የለውም ይላል። መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፤ የተከፈለውም ገንዘብ አይመለስም። እኔ በስሜ አንድ ስንዝር የለኝም። ባለቤቴ ራሷ የውጭ ሰው ስላገባች፣ በስሟ መሬት ለመያዝ ንብረታችን የተለያየ ነው ብለን በውል መፈራረም ነበረብን። ድሮ ይህ ውል ከጋብቻ በፊት ካልተፈረመ ነገሩ አለቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ከጋብቻ በኋላም ይቻላል አለና ብዙ ባለትዳር ተነፈሰ።

እህቴ፣ ጓደኛሽ ታማኝ ናት እንበል። እኔም አልጠራጠራትም። ነገ አንድ ነገር ብትሆንስ? ወራሾቿ ባሏ፣ ልጆቿና ወላጆቿ ናቸው። አንቺን ያስታመሙሽ እነሱ አይደሉም።

ኩባንያ አቋቁሚ የሚልሽም አይጠፋም። የውጭ ሰው ኩባንያ የኢንቨስትመንት እቅድ ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ መሆን አለበት። ለአራት ክፍል! መሬት መከራየትም ቢሆን ሕጉ የሚፈቅደው እዚያው አገር ለሚኖር የውጭ ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ ሻርጃ ነሽ።

ወረቀቱም አላማረኝም። ያ የመንደር መዝገብ እነሱ ጊሪክ የሚሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ደንብ እንዲህ ያለ አሮጌ ወረቀት በ5 ዓመት ውስጥ፣ ማለትም እስከ 2026 መጀመሪያ፣ ተመዝግቦ ካርታ እንዲወጣለት አዞ ነበር። ደግሞስ ቦታው ከባሕሩ ስንት ሜትር ይርቃል? ባሕሩ ሞልቶ ከሚደርስበት ጫፍ ጀምሮ ቢያንስ 100 ሜትር ጥብቅ ክልል ነው። በቪዲዮው ውስጥ ውሃው ደጃፍ ላይ ከታየሽ፣ ሻጩ ለምን እንደቸኮለ ጠይቂ።

ገቢውን ደግሞ ልንገርሽ። ቅዳሜና እሁድ ከባንዱንግ በሚመጣ መኪና መንደሩ ይጨናነቃል። የጾም ፍቺ ሰሞን አልጋ በልመናም አይገኝም። ማክሰኞ ብትሄጂ ግን ድመቶችና ሰርፍ አከራዮች ብቻ ናቸው ያሉት። ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናብ ነው። ቱሪስቱ የሚወደው ግሪን ካንየን ወንዝ ሲደፈርስና ሲሞላ ጀልባ ይቆማል። አራት ክፍል በሳምንት ሁለት ሌሊት እየሞላ፣ እሱንም ለሁለት ተካፍላችሁት፣ ምን ያህል ይተርፍሻል?

ከገንዘብ በላይ የሆነ ነገርም አለ። ጁላይ 17 ቀን 2006 ያንን የባሕር ዳርቻ ሱናሚ መትቶት ከ600 ሰው በላይ ሞቷል። የመሬት መንቀጥቀጡ በመጠን 7.7 ነበር፤ ግን ዳርቻው ላይ የተሰማው ቀስ ብሎ ስለነበር ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ስለዚህ ትልቅ ነውጥ እስኪመጣ አትጠብቂ። መሬቱ ረዘም አድርጎ ከወዘወዘሽ፣ ወይም ባሕሩ ድንገት ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ጫማም አትፈልጊ፤ ወደ ከፍታ ሩጪ። ዛሬ የማምለጫ መንገድ ምልክት ተተክሏል። በደረስሽበት ቀን ምልክቱን ተከትለሽ እስከ መጨረሻው በእግርሽ ሂጂ።

ለጉብኝት ከሆነ ግን ምን ትጠብቂያለሽ! በእኛ ፓስፖርት ኤርፖርት ስትደርሺ ቪዛ አይሰጥም፤ ቀድመሽ በኢንተርኔት አውጪ። ማዕበሉ ረጋ ያለ፣ ለጀማሪ የሚሆን ነው። ጃምባል ሮቲ የሚሉት ጨው የተነሰነሰበት ደረቅ ዓሣ አለ፤ ሽታው ያስበረግጋል፣ ከሩዝና ሳምባል ከሚሉት የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ ጋር ሲመጣ ግን እኔ ቋንጣን እስክረሳ ነው የምበላው። ሰዎቹ ሱንዳ ናቸው፤ ሙስሊሞች፣ ለስላሳ አንደበት ያላቸው። የቢላል አገር ሰው መሆንሽን ከሰሙ ሻይ ሳያጠጡ አይለቁሽም።

ቦሌ ሚካኤል፦
ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር ጋሼ። እኔ ከቲክቶክ ነው የሰማሁት።

የሻርጃዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መሬቱን ትቼዋለሁ። ግን ጓደኛዬን በባዶ እጇ እምቢ ማለት ከበደኝ። ተስፋ አድርጋለች። ምን ልበላት?

የባንዱንጉ፦
የራሷ ወይም የእናቷ ቤት አለ አይደል? እዚያው ሁለት ክፍል ታድስና በቅዳሜና እሁዱ ትሞክረው። አንቺ ብድር ስጫት። ብድር ተብሎ፣ መቼና ስንት እንደምትመልስ በሁለታችሁ ቋንቋ ተጽፎ፣ ኖተሪ ፊት። መሬት የሚል ቃል አይግባበት። መጠኑም ባይመለስ እንኳ ጓደኝነታችሁን የማያበላሽ ይሁን። ስትሄጂ ደግሞ እንግዳ ሆነሽ ተቀመጪ። በቱሪስት ቪዛ አልጋ ስታነጥፊና ገንዘብ ስትቀበይ ከተገኘሽ ኢሚግሬሽን ሥራ ነው ይላል፤ አገር እስከ ማስወጣት ይደርሳል።

ዘሪቱ፦
ይሄ ምክር ለሐዋሳም ይሠራል።

የሻርጃዋ፦
ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ። የዓመት ፈቃዴ ሐምሌ ላይ ነው፤ ያኔ ዝናብ የለም አይደል? ከጃካርታስ በባቡር ይኬዳል?

የባንዱንጉ፦
ሐምሌ ደረቅ ነው፣ ጥሩ ጊዜ መርጠሻል። ከጃካርታ ጋምቢር ጣቢያ «ፓንጋንዳራን» የሚባል ባቡር ይነሳል፤ ስሙ እንዳያታልልሽ፣ ባንጃር ላይ ያበቃል። ከባንጃር በኋላ መኪና ነው። ባቱ ካራስ ደግሞ ከፓንጋንዳራን ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ገደማ ይቀረዋል። ጓደኛሽ ባንጃር ድረስ መጥታ ትቀበልሽ፤ አርብ ማታ አትድረሺ፣ መንገዱ በባንዱንግ መኪና ይዘጋል።