የባህል ቡድን ተወዛዋዥ ነኝ፤ ልምምድ የሥራ ሰዓት ነው ወይስ አይደለም?

ጥያቄ፤ ከጎንደር
ጤና ይስጥልኝ። በከተማችን በሚገኝ አንድ የባህል ቴአትርና ውዝዋዜ ቡድን ውስጥ በተወዛዋዥነት፣ አንዳንድ ጊዜም በተዋናይነት እሠራለሁ። ውላችን በየሦስት ወሩ የሚታደስ ሲሆን፣ የምንፈርምበት ወረቀት ኃላፊው ዘንድ ስለሚቀር በእጄ ምንም ቅጂ የለኝም። የወር ደመወዜ 6,240 ብር ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 ድረስ፣ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት እየወሰድን፣ በፊርማ ተቆጣጥረው ልምምድ ያሠሩናል። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ትርዒት እናሳያለን፤ ለእያንዳንዱ ትርዒት «የመድረክ» የሚባል 150 ብር ይታሰብልናል።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ፣ ልምምድ ሥልጠና እንጂ ሥራ ስላልሆነ ሥራችን የሚቆጠረው መድረክ ላይ ከወጣን በኋላ ብቻ ነው የሚል ነው። ይሁን እንጂ ልምምድ ላይ ያረፈደ ሰው 200 ብር ይቆረጥበታል፤ የመድረክ ልብስ ከተቀደደም ዋጋው ከደመወዝ ይቀነሳል። ለጥምቀት ከማለዳ ጀምረን ስምንት ሰዓት ሙሉ ሠርተን የተከፈለን ያው 150 ብር ነው። ባለፈው ነሐሴ ለሻደይ በዓል ወደ ሰቆጣ ስንሄድም የውሎ አበል አልተሰጠንም። ሕጉ በእርግጥ እንደሚሉት ነው? መጠየቅ የምንችለው ነገር ካለስ ከየት እንጀምር?

መልስ፤ ከባሕር ዳር፣ በባህል ጽሕፈት ቤት የሠራሁ
ሌሎች ወደ ዝርዝሩ ከመግባታቸው በፊት አንድ ነገር ቢያብራሩልን መልካም ነው። በክልል ከተሞች የሚሠሩ የኪነት ባለሙያዎች በአንድ ሕግ አይተዳደሩም። ቡድኑ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አካል ከሆነና እርስዎ በመደብ ላይ ተቀጥረው ከሆነ የሚመለከትዎ የክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው፤ ቅሬታዎም መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያም ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ይቀርባል። ቡድኑ የግል ድርጅት ከሆነ ግን፣ አዳራሹ የከተማው ቢሆንና የበዓል ሥራውን የሚሰጠው የባህል ቢሮ ቢሆን እንኳ፣ አሠሪዎ ድርጅቱ ነው። ስለዚህ የደመወዝ መክፈያውን ሰነድ የሚያዘጋጀውና ማኅተም የሚያደርገው ማን እንደሆነ፣ የጡረታ መዋጮም ይቆረጥብዎ እንደሆነ ይንገሩን።

ጠያቂዋ
የግል ድርጅት ነው፤ ቢሮው የበዓል ሥራ በውል ይሰጠዋል። ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ በመካከል ያቋረጥኩበት ጊዜ የለም። ግብር ይቆረጣል፤ ጡረታ ግን አይቆረጥም።

መልስ፤ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ
እንግዲያው የሚገዛዎ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ መደበኛ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው ሥራውን በእርግጥ የሚያከናውንበትን ወይም ለሥራ ራሱን ያዘጋጀበትን ጊዜ ነው። በአሠሪው ትእዛዝ፣ በአሠሪው አዳራሽ፣ ፊርማ እየተቆጣጠሩና በማርፈድ እየቀጡ የሚያሠሩት ልምምድ ከዚህ ትርጉም ውጭ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም የማርፈጃ ቅጣቱ ራሱ ልምምዱ ግዴታ ያለበት ሥራ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃዎ ነው። ልምምድ የሌለው ትርዒት የለምና ይህን ክርክር ያለ ፍርሃት እንዲያነሡት እመክራለሁ።

ልምምዱ ሥራ ከሆነ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይሞላል፤ ይህም ሕጉ ለመደበኛ ሥራ የፈቀደው ጣሪያ በመሆኑ የትርዒቱ ሰዓት በሙሉ ትርፍ ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ደመወዝዎን በወር 26 የሥራ ቀናት፣ በቀን 8 ሰዓት ስናካፍለው የአንድ ሰዓት ዋጋ 30 ብር ይመጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራው በ2፣ በሕዝብ በዓል የተሠራው በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ስለዚህ ዓርብ ማታ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት 135 ብር፣ የመጨረሻው ሰዓት 52.50 ብር፣ በድምሩ 187.50 ብር ይሆናሉ፤ ቅዳሜም እንደዚያው ነው። እሑድ የዕረፍት ቀንዎ ስለሆነ አራቱ ሰዓታት 240 ብር ያስከፍላሉ። የሳምንቱ ድምር 615 ብር ነው። አሠሪው «የመድረክ ክፍያው ራሱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው» ብሎ ቢከራከርና ክርክሩ ቢሳካለት እንኳ የከፈለዎት 450 ብር ነውና በየሳምንቱ 165 ብር ይቀርዎታል። ጥምቀት የሕዝብ በዓል በመሆኑ ስምንቱ ሰዓታት ትርፍ ሰዓት ሆነው ከተቆጠሩ በ75 ብር ተሰልተው 600 ብር ይሆናሉ። ሻደይ ግን በአገር አቀፍ ደረጃ ከሕዝብ በዓላት ውስጥ ስላልተቆጠረ በ2.5 ሊሰላ አይችልም፤ በትርፍ ሰዓት ወይም በዕረፍት ቀን ስሌት ነው የሚታየው። የውሎ አበልን በተመለከተ መጠኑ የሚወሰነው በውል፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ ደንብ ስለሆነ እነዚህን ሳያዩ ጥያቄውን ማጠንከር ይከብዳል።

በየሦስት ወሩ የሚታደሰው ውልም ሊያሳስብዎ አይገባም። የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው አዋጁ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ለአንድ በዓል ሰሞን ብቻ የተቀጠረ ከበሮ መቺ ከእነዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ለሦስት ዓመት ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ግን አይገባም። የጡረታውም ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከደመወዝዎ 7 በመቶ ማለትም 436.80 ብር ከእርስዎ፣ 11 በመቶ ማለትም 686.40 ብር ከአሠሪው በየወሩ ገቢ መሆን ነበረበት።

ተቀናሾቹን በተመለከተ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልተደገፈ፣ ወይም እርስዎ በጽሑፍ ካልተስማሙ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ አይፈቀድም፤ የሚፈቀደውም ቢሆን ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

መልስ፤ የክራር ተጫዋች፣ ከደሴ
ልጄ፣ ጠበቃው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ የምጨምረው ከዕድሜዬ የተማርኩትን ነው። ብዙ ቡድኖች ደመወዙን አሳንሰው የመድረኩንና የአበሉን ገንዘብ ከፍ ያደርጋሉ። ወጣት ሳለሽ እጅሽ ላይ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የውሎ አበልና የመሳሰለው ክፍያ እንደ ደመወዝ ስለማይቆጠር ጡረታውም የስንብት ክፍያውም በትንሿ ደመወዝ ይሰላል። ጉልበት ሲደክም ነው ጉዳቱ የሚታየው። ስለዚህ ስትደራደሩ «የመድረክ ጨምሩልን» ሳይሆን «ደመወዛችን ይስተካከል» በሉ።

ሌላው፣ ብቻሽን ኃላፊው ቢሮ አትግቢ። ለብቻው የጠየቀ ሰው ለሚቀጥለው ጉዞ ስሙ ሳይጠራ የሚቀርበትን ጊዜ ብዙ አይቻለሁ። አሥር ሠራተኛ ካላችሁ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፤ የማኅበር አባል በመሆን ወይም አቤቱታ በማቅረብ ምክንያት ማባረርም በሕግ የተከለከለ ነው። ድምፃውያኑንና መሣሪያ ተጫዋቾቹን ከተወዛዋዦቹ ለይተው ሊደራደሯችሁ ቢሞክሩ አትለያዩ፤ ያለ ከበሮና ያለ ማሲንቆ እስክስታ አይወርድምና አቅማችሁ አንድ ላይ ስትሆኑ ነው።

መልስ፤ ተዋናይት፣ ከሐዋሳ
ስለ ጉዳትና ስለ ወሊድ ማንም ስላላነሣ እኔ ልጨምር፤ በእኛ ሙያ ውስጥ ሴቶች በዝምታ ከሥራ የሚወጡት በዚህ በኩል ነውና ጉዳዩ በጣም ያሳዝነኛል። በልምምድም ሆነ በመድረክ ላይ የሚደርስ የጉልበት ወይም የወገብ ጉዳት የሥራ ላይ ጉዳት ነው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ድርጅቱ ባቀረበው መኪና ወደ በዓል ስትጓዙ የሚደርሰው አደጋም እንደዚያው ይታያል። የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል፤ መሥራት ባልቻላችሁበት ጊዜም ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛን በትርፍ ሰዓት ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማሠራት ክልክል ነው፤ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ አላት። «ሆዷ ታየ» ተብላ በሌላ ተወዛዋዥ የተተካች ጓደኛ ካለቻችሁ ይህን ንገሯት።

ትርዒታችሁ ተቀርፆ በቴሌቪዥን ወይም በዩቲዩብ የሚለቀቅ ከሆነም አስቡበት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኙ፣ ማለትም ትርዒቱን የሚያቀርበው ባለሙያ፣ ትርዒቱ እንዲቀረፅና እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት አለው። አንዴ ያለ ገደብ ከፈረማችሁ በኋላ ግን ለመጠየቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ በውሉ ላይ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው ጣቢያና በምን ያህል ክፍያ እንደሆነ ይጻፍ።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኛ አሥራ አራት ነን፤ ዛሬ ማታ አብረን እንነጋገርበታለን። አሁን ሰኔ ላይ ስለሆንን የጥምቀቱና የሻደዩ ገንዘብ ጊዜው አልፎበት ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

መልስ፤ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ
ስጋትዎ ተገቢ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የሻደዩ አልፏል። የጥምቀቱ በጥር ወር መጨረሻ መከፈል የነበረበት በመሆኑ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ጊዜ አለዎት፤ ከጥር ወዲህ ያለው የሳምንት ትርፍ ሰዓትም ወር በወር እየተቆጠረ ይሄዳል። ለአሠሪው ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን ይርጋውን አያቋርጠውም፤ የሚያቋርጠው ክስ ማቅረብ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ስለዚህ በእርቅ ቢጀምሩም ሐምሌ ሳይገባደድ ክሱን በሥራ ክርክር ችሎት ያስገቡ፤ ሠራተኛ ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የውሉ ቅጂ ስለሌለዎት የልምምድ ፊርማ መዝገቡን ፎቶ ያንሡ፣ ደመወዝ በባንክ የሚገባ ከሆነ የሂሳብ መግለጫ ያውጡ፣ የትርዒት ማስታወቂያዎችንም ቀናቸው እየታየ ያስቀምጡ። አሥራ አራታችሁም የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት ለየብቻ ጻፉ፤ ችሎቱ የሚያሰላው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ለብቻው ነውና።