አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሮግራም፣ ሁለት የተለያየ መዝገብ

ጤና ይስጥልኝ፣ ባለሙያዎች እርዱኝ። የምሠራው ባሕር ዳር፣ በአንድ የጀልባ ማኅበር ቢሮ ነው። ወደ ዘጌ የሚሻገሩ መንገደኞችን በፈረቃ የምንመዘግብበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ሲሆን፣ ለእያንዳንዳችን የተገደበ መለያ ተከፍቶልናል።

ጠዋት የመዘገብኳቸውን መንገደኞች የከሰዓት ተረኛዋ አታያቸውም፤ የእሷንም እኔ አላይም። ለሁለታችንም ግን «ተመዝግቧል» ይለናል! ፕሮግራሙ አሮጌ፣ ባለ 32 ቢት ነው፤ መረጃውን የሚያስቀምጠው እዚያው በተጫነበት «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣው ቪስታ ጀምሮ፣ ፈቃድ የሌለው ተጠቃሚ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም እዚያ ሲጽፍ ፋይሉን ድምፁን አጥፍቶ ወደ ተጠቃሚው የግል «ቨርቹዋልስቶር» አቃፊ ያዞረዋል። ከፍቼ ባየው የእኔ መዝገብ እውነትም እዚያ ተቀምጧል።

ኃላፊያችን «ሁላችሁንም አስተዳዳሪ ላድርጋችሁና እንገላገል» ይላሉ። የመጣው ሁሉ ፍላሽ በሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ይህ በርን ከፍቶ እንደመተኛት ነው፤ አልተዋጠልኝም።

ፕሮግራሙ በተጫነበት አቃፊ ላይ ብቻ የመጻፍ ፈቃድ ቢሰጠን ይበቃል ወይስ ፕሮግራሙን ሌላ ቦታ እንደገና መጫን ይሻላል? ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን የተበታተነው መዝገብ ነው፤ ፋይሎቹ የአክሰስ (የማይክሮሶፍት የመረጃ ቋት ፕሮግራም) ናቸው። አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ እንዴት ላዋህዳቸው?