ክርክር፦ የእጮኝነት ቀለበት የግድ አልማዝ ይሁን?

ገና ያልጠየቃት

ሰላም ለሁላችሁ። ፍቅረኛዬን እንድታገባኝ ልጠይቃት ነው። ገንዘቡንም ቆጥቤ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ቀለበቱ ብቻ ነው፤ እሱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሦስት ምርጫ አለኝ። አንደኛው ከመሬት የወጣ አልማዝ ነው፤ የክብሪት ጭንቅላት ብታክል ነው። ሁለተኛው የላብራቶሪ አልማዝ ነው፣ ሰው በማሽን የሠራው፤ በዚያው ገንዘብ በጣም ተለቅ ያለ አገኛለሁ። ሦስተኛው ሞይሳናይት ነው፣ አልማዝ የሚመስል ሌላ ድንጋይ፤ እሱን ብገዛ ከቆጠብኩት አብዛኛው ይተርፈኛል። ጓደኛዬ «ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ አቦ አትጨናነቅ» ይለኛል። እህቴ ደግሞ «ፎርጅድ ካሰርክላት እኔው ነኝ የምነግራት» ብላ ዝታብኛለች። ምን ትላላችሁ? አልማዝ ካልሆነስ መንገር አለብኝ?

ከመሬት የወጣ ብቻ

ምን ያከራክራል? ትንሽም ብትሆን እውነተኛዋን እሰርላት። አብዛኛው የተፈጥሮ አልማዝ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ተሠርቶ፣ በእሳተ ገሞራ ተገፍቶ ነው ወደ ላይ የወጣው። ይህን ጣቷ ላይ ስታስቀምጥና ባለፈው ወር ከማሽን የወጣ ስታስቀምጥ አንድ ነው? ወጉም የቆየ ነው። የኦስትሪያው ማክሲሚሊያን ለቡርጎኝዋ ማርያም የአልማዝ ቀለበት የሰጣት በ1477 እ.ኤ.አ. ነው።

ማስታወቂያ አልገዛም

1477 ስትል ሳቄ መጣ። እነሱ ልዑላን ናቸው! ያኔ ተራው ሰው አልማዝ መኖሩንም አያውቅም። አልማዝ በብዛት መገኘት የጀመረው ከ1860ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። ሲበዛ ዋጋው እንዳይወድቅ ዲ ቢርስ የሚባለው የአልማዝ ኩባንያ አቅርቦቱን በእጁ ያዘ። ከዚያ ፈላጊ መፍጠር ነበረበት። በ1947 ፍራንሲስ ጌሬቲ የምትባል የማስታወቂያ ጸሐፊ «አልማዝ ለዘላለም ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ጻፈችለት። (ጌሬቲ ራሷ አግብታ አታውቅም። ይቺን ነገር ሁሌ እወዳታለሁ።) በ1980ዎቹ ደግሞ ቀለበቱ «የሁለት ወር ደሞዝ» ያውጣ የሚባለው መጣ። ማን ወሰነው? ሻጩ። ወንድሜ፣ ወግ ያልከው ነገር የሽያጭ ክፍል ሥራ ነው።

ከመሬት የወጣ ብቻ

እሺ ሻጭ ጀመረው እንበል። ሰው ተቀብሎ ትርጉም ከሰጠው በኋላ ማን እንደጀመረው ምን ያደርግልሃል? እሷ ቀለበቱን ስታይ የምታስበው ዲ ቢርስን አይደለም።

ኬሚስትሪ የማስተምረው

«ፎርጅድ» የሚለው ቃል እዚህ ቦታው አይደለም። የላብራቶሪ አልማዝ ካርቦን ነው። የአተሞቹ አቀማመጥ ያው፣ ጥንካሬው ያው፣ ብርሃን አሰባበሩ ያው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1954 በከባድ ግፊትና ሙቀት ሠራው። ዛሬ ካርቦን ካለበት ጋዝ ላይ ንብርብር እያደረጉ የሚያሳድጉበት ሌላ መንገድም አለ። በዓይንህ አትለየውም። ጌጣጌጥ ሠሪውም በእጅ አጉሊ መነጽር አይለየውም፤ ለዚህ የተሠራ መሣሪያ ያስፈልገዋል። በቱቦ የተፀነሰ ልጅ ልጅ አይደለም የሚል አለ? የአሜሪካው ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ2018 ከአልማዝ ትርጓሜው ላይ «የተፈጥሮ» የምትለዋን ቃል አውጥቷታል።

ከመሬት የወጣ ብቻ

ልጁንስ ተወው፤ ዋጋው ነው የሚያስቀው። የላብራቶሪ አልማዝ በየዓመቱ እየወረደ ነው። ራሱ ዲ ቢርስ በ2018 ላይትቦክስ ብሎ የላብራቶሪ ጌጥ መሸጥ ጀመረ፣ በ2025 እዘጋለሁ አለ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ማስታወቂያ አልገዛም

ያንተው ከሱቅ ከወጣ በኋላ መልሰህ ስትሸጠው የሚሰጡህን አይተሃል? ሞክረው እስቲ። እንኳን ትርፍ፣ የገዛህበትን ግማሽ ካገኘህ ዕድለኛ ነህ። ደግሞ የእጮኝነት ቀለበት የሚገዛው ለመሸጥ ነው እንዴ?

ኬሚስትሪ የማስተምረው

ከማዕድን ጋር የሚመጣውንም እናንሳ። የኪምበርሊ ሂደት የሚባለው የምስክር ወረቀት ሥርዓት ከ2003 ጀምሮ ይሠራል። ግን የሚከለክለው አማፂ ቡድን ለጦርነት የሚሸጠውን ጥሬ አልማዝ ነው። ቆፋሪው ምን እንደተከፈለው፣ በምን ሁኔታ እንደሚሠራ አይጠይቅም። የእኛም ወገን ንጹሕ ነው አልልም፤ ማሽኑ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ «አረንጓዴ አልማዝ» ብሎ መለጠፍ ቀልድ ነው።

የኦፓሏ

ሁላችሁም ስለ አልማዝ ብቻ! እኔ ቀለም እወዳለሁ፣ ስለዚህ እጮኛዬ ኦፓል የሚባለውን ድንጋይ አሰረልኝ። እጄን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር አረንጓዴና ብርቱካናማ ይለዋወጥ ነበር፤ ስብሰባ ላይ እሱን ሳይ ነው የምውለው። ዓመት ሳይሞላው ፊቱ ደበዘዘ። ጭረቱ በብርሃን ሲታይ ብዙ ያገለገለ ብርጭቆ ታች ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን ጫፉ ላይ ስንጥቅ አየሁ። የሸጠልን ሰው በየቀኑ የሚደረግ አይደለም ብሎ አልነገረንም። አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው።

አንጥረኛው

ልጆቼ፣ እኔ ወርቅ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ስለ ፍቅሩ እናንተ ተከራከሩ፣ ስለ ድንጋዩ ጥቂት ልናገር።

የኦፓሏ ልጅ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጥንካሬ የሚለካበት የሞህስ መለኪያ አለ፤ አልማዝ 10 ነው። አየር ላይ ያለው አቧራ ውስጥ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለ፤ እሱ 7 ነው። ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ስትወለውዪ አቧራው ራሱ ይጭረዋል። በውስጡም ውሃ ስላለ ድርቀትና ድንገተኛ ሙቀት ያሰነጥቀዋል። ዕንቁ ደግሞ ከኦፓልም የባሰ ለስላሳ ነው። እነዚህ ለጆሮ ናቸው፣ ለአንገት ናቸው። ሁልጊዜ ጣት ላይ ለሚውል ከ8 በታች ባትወርዱ ደግ ነው። ኤመራልድ፣ አረንጓዴው ድንጋይ፣ እዚያው ድንበር ላይ ነው። ችግሩ የተፈጥሮ ስንጥቅ ይበዛበታል፣ አብዛኛውም ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ይገባበታል። ሙቅ ውሃና የማጽጃ ማሽን አታስነኩት።

ሰንፔርና ሩቢ 9 ናቸው። አልማዝ ለማይፈልግ እኔ መጀመሪያ የምለው ሰንፔር ነው። በ1981 ልዕልት ዳያና ያሰረችው 12 ካራት ሰማያዊ ሰንፔር ነበር፤ ዛሬ የልጇ ሚስት ጣት ላይ ነው። አብዛኛው ሰንፔር ቀለሙ እንዲያምር በእሳት ይሞቃል። ይህ የታወቀ ነው፣ ነውር የለውም፤ ጠይቃችሁ ግዙ ብቻ። የላብራቶሪ ሰንፔርና ሩቢማ አዲስ አይደሉም፣ ከ1900ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ይሠራሉ።

ሞይሳናይት 9.25 ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ሞይሳን በ1893 አሪዞና ውስጥ ተወርዋሪ ኮከብ ከወደቀበት ጉድጓድ በመጣ ናሙና ላይ አገኘው፤ ዛሬ ጌጥ ላይ ያለው ሁሉ ግን በሰው የተሠራ ነው። ከአልማዝ የበለጠ ባለቀለም ብልጭታ ይረጫል፣ ከሁለት እጥፍ በላይ። አንዳንዱ ይወደዋል፣ አንዳንዱ «የዳንስ ቤት መብራት» ይለዋል። ሙቀት ብቻ የሚለካው ብዕር መሳይ መሣሪያ ሞይሳናይትን አልማዝ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። እኔን ግን አያልፈኝም። በአጉሊ መነጽር ጎን አድርጌ ሳየው የጀርባው ጠርዞች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። አልማዝ አንድ መስመር ነው።

ኪዩቢክ ዚርኮኒያ የሚባለው በሰው የተሠራ የአልማዝ አምሳያ ከሁሉ ይረክሳል። አዲስ ሲሆን ያምራል፤ ውሎ ሲያድር ጠርዙ ይደንዛል። በአንድ መጠን ከአልማዝ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ሚዛን ላይ ይታወቃል።

«10 ነው» ማለት ደግሞ አይሰበርም ማለት አይደለም። አልማዝን ከሌላ አልማዝ በቀር የሚጭረው የለም እንጂ በተወሰነ አቅጣጫ ከተመታ ይፈነከታል። ጫፉ የሾለ ቅርጽ ስትመርጡ ሹሉን የሚሸፍን ወርቅ ይኑረው።

ቆይ ግራ ገባኝ

ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የወንድሜ ቀለበት ላይ «18 ካራት» ይላል። ቤተሰቡ በሙሉ 18 ካራት አልማዝ ነው ብሎ ያወራል።

አንጥረኛው

ያ የወርቁ ነው ልጄ። በእኛ አጻጻፍ ቃሉ አንድ ስለሆነ ነው የሚያምታታው። የወርቅ ካራት ጥራት ነው፤ 24ቱ ንጹሕ፣ 18ቱ 75 በመቶ ወርቅ። የድንጋይ ካራት ክብደት ነው፤ አንዱ 0.2 ግራም። 18 ካራት አልማዝ ቢሆን ኖሮ ወንድምህ ቀለበቱን በጠባቂ ነበር የሚያስኬደው።

ድንጋይ ድንጋይ ነው

በጣም ጥሩ። እንግዲህ ሞይሳናይቱን ግዛ፣ አልማዝ ነው በል፣ ዝም በል። አንጥረኛው ብቻ ከሆነ የሚለየው ማን ይነግራታል?

ሰባት ዓመት ያሰረችው

እኔ ልንገርህ ማን እንደሚነግራት። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ቀለበቱ ጠበበኝና ላሰፋው ወሰድኩት። ሰውዬው አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አደረገ። ቀለበቱን አዞረው። እንደገና አዞረው። ከዚያ መነጽሩን አውርዶ «ድንጋዩን እርስዎ ነዎት የመረጡት?» አለኝ። ወዲያው ገባኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለሰው ሳሳይ፣ ስወለውል፣ ስታጠብ እያወለቅኩ ስደብቅ የኖርኩት ሞይሳናይት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ድንጋዩ ያምራል፣ ዛሬም አድርጌዋለሁ። ያ ሰው ፊት የቆምኩበት ደቂቃ ግን እስካሁን ያቃጥለኛል። ነግሮኝ ቢሆን «ተመስገን፣ በተረፈው ቤት እንከራይ» ነበር የምለው።

ማስታወቂያ አልገዛም

ለባልሽ ጠበቃ ልሁንለት እንዳትይኝ። ግን አብዛኛው ወንድ የሚደብቀው ሊያታልል አይደለም። አፍሮ ነው። «አቅሙ ይሄ ብቻ ነው» እንዳይባል።

ሰባት ዓመት ያሰረችው

እሱም ያለው ይህንኑ ነው። እኔም አቅሙን ሳላውቅ ነው እንዴ ያገባሁት?

ኬሚስትሪ የማስተምረው

ቅድም ያነሳሁት የንግድ ኮሚሽን ደንብ እኮ ሁለተኛ ግማሽ አለው። ሻጩ የላብራቶሪ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት ይላል። ሱቁ ለአንተ መንገር ግዴታው ከሆነ አንተ ለእሷ ለመንገር ለምን ትከራከራለህ?

ከመሬት የወጣ ብቻ

በዚህኛው ከመምህሩ ጋር ነኝ። እኔ የላብራቶሪውን አልወደውም እንጂ ተነግሮ ከተሰጠ ምንም የምለው የለኝም። ተደብቆ ከሆነ ያኔ ፎርጅድ ነው፣ ካርቦን ሆነ አልሆነ።

ድንጋይ ድንጋይ ነው

እሺ፣ በዚህኛው ተረታሁ። በድንጋዩ ግን አልተረታሁም።

ገና ያልጠየቃት

ሁሉንም አነበብኩ፣ አመሰግናለሁ። ትናንት በዘዴ ጠየቅኳት። የሥራ ባልደረባዬ ሊያጭ ነው ብዬ የሁለት ቀለበት ፎቶ አሳየኋት፣ አንዱ አልማዝ አንዱ ሰንፔር። ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ይሄ ወደ ላይ የቆመው ጓንት ይቀዳል» አለች። ላብራቶሪ ነው የምትሠራው፣ በቀን ስንት ጊዜ ጓንት እንደምትቀይር አላውቅም። እኔ እኮ ሦስት ወር ሙሉ ስለ ብልጭታ ሳጠና ነበር!

አንጥረኛው

አየህ፣ እሷ ከሁላችንም ቀደመች። ድንጋዩ በትንንሽ የወርቅ ጥፍሮች የተያዘ ሳይሆን ዙሪያውን በወርቅ የተከበበ፣ ዝቅ ያለ ይሁንልህ። ጓንትም አይቀድ፣ ጸጉርም አይዝ፣ ጠርዙም ይጠበቃል። ጥፍር ያለው ከሆነ ግን ጥፍሩ ከጊዜ በኋላ ይበላልና በዓመት አንዴ ይታይ። በቤት ደግሞ ሹራብ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት፤ ክር ከያዘ አንዱ ጥፍር ተነስቷል። ብዙ ሰው ድንጋይ የሚጠፋበት በዚህ ነው። እና የትኛውን ድንጋይ መረጥክ?

ገና ያልጠየቃት

ሰንፔር፣ ዝቅ ያለ። የላብራቶሪ ነው፣ እሷም የላብራቶሪ ሰው ስለሆነች አትጠላውም መሰለኝ። የቀለበቱን ሣጥን ስከፍት እነግራታለሁ፣ እህቴንም ገላገልኳት። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የጣቷን ልክ አላውቅም።

አንጥረኛው

የምታደርገው ቀለበት ካላት ስትታጠብ አውልቃ ስታስቀምጥ ውስጡን ወረቀት ላይ በእርሳስ ክበበው። የየትኛው ጣት እንደሆነ አጣራ። በክር ለመለካት ከደፈርክ ደግሞ ማታ ለካ፤ ጠዋትና በብርድ ጣት ይቀጥናል።

የኦፓሏ

እንቅልፍ የወሰዳት ሰዓት ላይ ክር ይዘህ ስትጎነበስ እንዳትነቃብህ ብቻ። የኔው እንደዚያ ሲለካ ነው የነቃሁበት።