ሱስ ነው ወይስ ስንፍና? (ከአንድ የባሕር ዳር ግሩፕ ቻት፣ በሌሊት)

ፔዳ ዶርም፦ ዛሬ ግቢ ውስጥ ስልጠና ነበረን። አሰልጣኙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የስልክ ሱስ የሚባል የለም፣ ስንፍና ነው ያለው።» ይህን ሲሉ ግማሹ አዳራሽ ስልኩ ላይ ነበር፣ እኔም ጭምር። ግን አናደደኝ።

የዓባይ ማዶ አባት፦ ምኑ ያናድዳል? ልጄ አንድ እጁ ወጡ ላይ፣ አንድ እጁ ስልኩ ላይ ነው። በእኛ ጊዜ...

ሽምብጥ፦ ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ስልኩ መች ነበር?

ሳይኮ ሦስተኛ ዓመት፦ ስንፍና ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ስልክ ስትከፍት ምን እንደሚጠብቅህ አታውቅም። ባዶ፣ ባዶ፣ ከዚያ የምትወዳት ልጅ መልእክት። ስኪነር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእርግቦች ሞክሮታል። እህሉ መቼ እንደሚወርድ ካላወቁ ቁልፉን በመንቆራቸው መምታት አይተዉም።

ሽምብጥ፦ እርግብ አደረግኸን? ቢያንስ የጣና ፔሊካን በለን።

የዓባይ ማዶ አባት፦ ፔሊካን ዓሣዋን ራሷ ትይዛለች። አትሰንፍም።

ሽምብጥ፦ ኧረ ጋሼ! ዳር ላይ ተኮልኩላ አስጋሪዎቹ አንጀቱን እስኪጥሉላት ስትጠብቅ አላዩም?

ፖሊ፦ «ሱስ» የሚለውንም ቀስ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታ መዝገብ የጌም ሱስ አለ። የስልክ የለም።

ሳይኮ ሦስተኛ ዓመት፦ ስለዚህ ስንፍና ነው?

ፖሊ፦ አላልኩም።

ሳይኮ ሦስተኛ ዓመት፦ ታዲያ ከማን ጋር ነህ?

ቀበሌ 14፦ እኔ ልንገራችሁ። ፍሬሽ እያለሁ ካፌ ሰልፍ ላይ ብቻዬን መቆም እፈራ ነበር። ስልኬን አውጥቼ አቀረቅራለሁ። የሚጽፍልኝ ሰው አልነበረም። ካልኩሌተር ነበር የምነካካው። ሰው እንዳለው ሰው ለመምሰል።

ሽምብጥ፦ ካልኩሌተር? ስንት ደመርሽ?

ቀበሌ 14፦ ሳቅ። አንተም አድርገኸዋል።

ፔዳ ዶርም፦ ዳታ ተዘግቶ የከረመ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ምንም እንደማይገባ እያወቅኩ ስልኬን አወጣለሁ፣ ሰዓት አያለሁ፣ እመልሳለሁ። ወዲያው ስንት ሰዓት ነው ብባል አላውቅም። ይሄም ስንፍና ነው ጋሼ?

የዓባይ ማዶ አባት፦ እሱ ልማድ ነው።

ሽምብጥ፦ ተረቱ!

የዓባይ ማዶ አባት፦ አልተረታሁም። ልማድም ከስንፍና ነው የሚመጣው።

ሳይኮ ሦስተኛ ዓመት፦ ከጭንቀት፣ ከብቸኝነት፣ ከድብርትም ይመጣል። ልጅዎን ጠይቀውት ያውቃሉ?

የዓባይ ማዶ አባት፦ ልጄን ተወው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ለምን አትተኙም?

ሽምብጥ፦ እርስዎስ ጋሼ?