የሜሪላንድ ቲንት ቨርጂኒያ ላይ ጣጣ አመጣብኝ

ሰላም ወገኖች፣ ይህ ነገር የገጠመው ካለ እባካችሁ መላ በሉኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ያገለገለች ካምሪ ሴዳን ከሜሪላንድ ገዛሁ። ቲንቷ፣ ማለት መስታወቷ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ፊልም፣ አብሯት የመጣ ነው። ሜሪላንድ የጎን መስታወት 35 በመቶ ብርሃን ካሳለፈ ይበቃታል። ቨርጂኒያ ግን የፊት በሮቹን 50 ትላለች፣ የኋላውን 35።

ከ2021 ወዲህ እዚህ ፖሊስ በቲንት ብቻ አያስቆምም። በሌላ ነገር ካስቆመ ግን ይደርብልሃል። እኔን በፍጥነት አስቆመኝና መስታወቱን ዝቅ አስደርጎ መለኪያዋን ሰካባት። 36! ሁለት ቲኬት ይዤ ገባሁ።

የፊቱን አስልጬ ደረሰኙን ለዳኛው ባሳይ ይተውልኛል? በ50 ፊልም ልተካው ብል ደግሞ የፋብሪካው መስታወት ራሱ ብርሃን ስለሚቀንስ ሲደራረቡ ወደ 40 ይወርዳል። ታዲያ ስንት ቁጥር ልዘዝ? ለጣፊው «ችግር የለውም» ይላል፤ ቅጣቱን እሱ አይከፍል!

ሌላው፣ ባለቤቴ ሉፐስ የሚባል በሽታ ስላለባት ፀሐይ አይስማማትም። ዲኤምቪ (የተሽከርካሪና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) በሐኪም ማስረጃ የፊቱንም እስከ 35 ይፈቅዳል። ከቲኬቱ በኋላ የወጣ ፈቃድ ፍርድ ቤት ዋጋ አለው? ቀጠሮዬ ስለደረሰ የምታውቁ ቶሎ ብትመልሱልኝ።